አውፍ በሉኝ የሚሉት አሰልጣኝ

«ሲስተር፣ ነይ። ግን አትቸኩዪ።»

የጋሼ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሃራ በስልክ ያሉኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ነርስ ነኝ፤ «ድረሽ»፣ «ቶሎ በይ»፣ «እንዳታመልጠን» እየተባልኩ ስጠራ ዓመታት አሳልፌአለሁ። «አትቸኩዪ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እሱም የሚለው የሚቸኮልለት ነገር ሲያልቅ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። አብራኝ ተረኛ የነበረችው ልጅ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «ጋሼ ይማም ሞቱ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ነው ያመንኩት።

ከጤና ጣቢያው በር ላይ የያዝኩት ባጃጅ ሾፌር ወዴት እንደምሄድ እንኳ አልጠየቀኝም። «አላህ ይዘንላቸው፣ ሲስተር» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በሸዋሮቢት ወሬ እንዲህ ነው፤ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ገና ደብረ ሲና ሳይደርስ እሱ ጣርማ በርን ያልፋል። መንገዱን የሞላው ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። እኚህን ሰው በዚሁ መንገድ በትከሻው ተሸክሞ ሲዘል ያየሁት ሕዝብ ነው። በዚሁ መንገድ «ይውጣልን!» እያለ ሲጮህባቸውም አይቼዋለሁ። ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ደጋፊን የሚያስታርቀው ሞት ብቻ ነው መሰለኝ።

ጋሼ ይማም የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ የፋብሪካ ቡድን ውስጥ ተከላካይ ሆነው ተጫውተዋል፤ እግራቸው ሲደክም አዲስ አበባ ሄደው የአሰልጣኝነት ትምህርት ወሰዱና እንጀራቸው ይኸው ሆነ። እኔ ያወቅኳቸው የከተማውን ቡድን በያዙበት ዘመን ነው። ከእንጅባራ ብርድ ተመድቤ ወደዚህ ቆላ የወረድኩ ሰሞን፣ ቡድኑ ሐኪም ይመደብልኝ ብሎ ለጤና ጣቢያው ጠየቀ። ነባሮቹ በዚያ ሐሩር ሜዳ ዳር መቀቀል አልፈለጉምና አዲሷን ወደ እሳቱ ገፏት። ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኗን ብቻ ነበር። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ጥሩ» አሉኝ ጋሼ ይማም። «ኳስ እናውቃለን የሚሉት በቅተውኛል። አንቺ ልጆቹን እይልኝ፤ ኳሷን እኔ አያታለሁ።»

ረጅም፣ ቀጭን፣ አረማመዳቸው ትንሽ ወልገድ ያለ ሰው ነበሩ። ቱታ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም። ጫማ በሚውጥ አቧራ መሀል የተተኮሰ ሱሪና የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርገው ይመጣሉ። «ቱታ ለሚሮጥ ሰው ነው፤ እኔ የምቀመጥ ነኝ» ይሉ ነበር። በጨዋታ ሰዓት አይጮሁም፤ መፋቂያቸውን ያኝካሉ እንጂ። ደጋፊው የጨዋታውን ክብደት የሚያውቀው በዚያ መፋቂያ ነው። ከእረፍት በፊት ተኝኮ ካለቀ ነገር ተበላሽቷል፤ ከአፋቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ ከሰኩት ግን ሜዳው ሁሉ ተንፈስ ይላል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት መልበሻ ክፍል ጥግ ሳጥኔን ይዤ ቆሜአለሁ። ክፍሉ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ሰው ይጠብሳል። ጋሼ ይማም የሚገቡትን የአሥራ አንዱን ልጆች ስም ጠሩ። የተጠሩት ጫማቸውን ማሰር ሲጀምሩ እሳቸው ፊታቸውን አዞሩና ስማቸው ወዳልተጠራ ልጆች ሄዱ። በእያንዳንዱ ፊት ቁጢጥ ይላሉ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ «የዛሬ ቀንህን ለሌላ ሰጥቼብሃለሁ። አውፍ በለኝ» ይላሉ። ልጁ «አውፍ ብያለሁ፣ ጋሼ» እስኪል ድረስ አይነሱም። ከዚያ ወደሚቀጥለው።

አውፍ በዚህ አገር ሙስሊሞች ዘንድ ይቅርታ ማለት እንደሆነ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ጾም ሲገባ፣ ሞት ሲቃረብ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ የተጠየቀውም «አውፍ ብያለሁ» ሲል ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ለኳስ ሲባል ግን ጎረቤቶቼም ሰምተው አያውቁም። ክርስቲያኖቹ ልጆች «ይቅር ለእግዜር» ነበር የሚሉት፤ እሳቸውም ያንኑ ተቀብለው ይነሳሉ።

ታደለ የሚባል ተጠባባቂ በረኛ ነበረን። አግዳሚው ወንበር የርስት መሬቱ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ጋሼ ይማም እንደ ልማዳቸው ፊቱ ቁጢጥ ሲሉ «ጋሼ» አለ፣ «እኔ እንደሁ ወንበሬን የሚቀማኝ የለም። የዓመቱን በሙሉ በጅምላ አውፍ ልበልዎትና ጉልበትዎ ይረፍ።» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን አልተነሱም።

«አውፍ በጅምላ የለም፣ ታደለ። የየቀኑ የየቀኑ ነው።»

«እሺ፤ የዛሬንም አውፍ ብያለሁ» አለ ታደለ። ያኔ ተነሱ።

ነገሩ ከንክኖኝ ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኳቸው። ሌላው አሰልጣኝ ተጫዋቹን ይሰድባል፣ እሳቸው ይለምናሉ፤ ይህ ምን ዓይነት አሰልጣኝነት ነው አልኳቸው፤ አፌ ያኔም ያው ነበር።

«ሰው ስንት ቀን አለው ብለሽ ነው፣ ሲስተር?» አሉ። «ተጫዋች ደግሞ ከሰው ሁሉ ያነሰ ነው ያለው። እኔ ያንን ቀን ከአንዱ ነጥቄ ለአንዱ እሰጣለሁ። ሥራዬ ነው፤ ልተወው አልችልም። ግን የሰው ሐቅ ነው። የስንቱን ሐቅ ተሸክሜ ጌታዬ ፊት ልቁም?»

ከልጆቹ ሁሉ ዓይናቸው የማይለየው ከማል ነበር። ከከተማው ቁልቁል፣ ማሾ ከሚዘራበት ቀበሌ እየተመላለሰ የሚጫወት አጥቂ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደጉት አባቱ ናቸው። ኩሩ ልጅ ነበር፤ ሲመታ አይወድቅም፣ ሲወድቅ አያቃስትም፣ ቁስሉን ሳጥብለት ፊቱን ያዞራል። አባቱ ኳስን የሥራ ፈት ነገር አድርገው ስለሚያዩ አንድ ቀን እንኳ መጥተው አይተውት አያውቁም። ይህንን ሲያወራው በቀልድ አድርጎ ነው፤ እኔ ግን ሕመምን በቀልድ የሚሸፍን ሰው አይጠፋኝም።

ቡድናችን ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ አንድ ጨዋታ የቀረው ዓመት ነው። በዚያው ሳምንት የከማል ጉልበት አበጠ። አይቼ ለጋሼ ይማም ነገርኳቸው፤ ዘጠና ደቂቃ አይችልም አልኳቸው። በማግሥቱ ደግሞ ከማል ፊቱ በርቶ መጣ። አባቱ፣ ሳል ያደከማቸው ሽማግሌ፣ «እስቲ ያን ኳስህን ልየው» ብለዋል። ያልነገረው ሰው አልነበረም። ልብስ ለምታጥበው ሴትዮም፣ ለሜዳው ዘበኛም ነገራቸው።

እሑድ ዕለት አባቱ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። ልጆቹ ወንበር አምጥተው ከመስመሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። ውስጥ ደግሞ የአሥራ አንዱ ስም ተጠራ፤ ከማል አልተጠራም።

ጋሼ ይማም የቀሩትን ሁሉ አዳርሰው እሱን የመጨረሻ አደረጉት። እጁን ያዙ። «ቀንህን ለሌላ ሰጥቼብሃለሁ። አባትህ መምጣታቸውንም አውቃለሁ። አውፍ በለኝ።»

ከማል የቆርቆሮውን ግድግዳ እያየ «አልልም» አለ።

እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሰው ታይቶ አይታወቅም። ዳኛው ቡድኖቹ እንዲወጡ ፊሽካ ነፋ። «በል እንጂ ከማል፣ ሰዓት ደረሰ» አለው አንዱ። «አልልም አልኩ!» ልጆቹ እያዩ እያዩ ወጡ። እኔም ሳጥኔን ይዤ ወጣሁ። ጨዋታው ሲጀመር ከአጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ጋሼ ይማም ቆይተው መጥተው ተቀመጡ፤ ከማልም መጥቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ዕለት መፋቂያ አልያዙም።

አንድ ለባዶ አሸነፍን። ያገባው በከማል ቦታ የገባው ልጅ ነው። ከተማው አበደ። መኪናው ጥሩንባውን፣ ሴቱ እልልታውን አቀለጠው፤ ጋሼ ይማምን አንስተው ትከሻቸው ላይ አወጧቸው። እሳቸው ግን ከላይ ሆነው አንገታቸውን እያሰገጉ አንድ ሰው ይፈልጉ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፤ ከማል አባቱን ደግፎ፣ እያነከሰ፣ ሕዝቡን ለሁለት እየከፈለ ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ።

«የቱ ጋ ነበርክ ልጄ?» ይሉታል አባቱ። «ዓይኔ ደክሞ ነው መሰል ሳለይህ ቀረሁ።»

«ነበርኩ አባዬ» አላቸው። «ራቅ ብዬ ነበር።»

አባቱ በዚያው ክረምት ሞቱ። ልጃቸው ኳስ ሲመታ ሳያዩ ሞቱ።

አባትና ልጅ ሲነጋገሩ የሰማሁትን ለጋሼ ይማም ነገርኳቸው፤ ባልነግራቸው ይሻል ነበር አልልም፣ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የምመክራቸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ሐኪሟ ከለከለችኝ በሉት። እውነት አይደለም እንዴ?»

«ጉልበቱን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። በአንቺ ጀርባ አልከለልም።»

እኔ ግን ከማል ጉልበቱን ሊታይ ሲመጣ ራሴው ነገርኩት። «አውቃለሁ፣ ሲስተር» አለ። «ጉልበቴ የኔ አይደል? ዘጠና ደቂቃ አጫውቱኝ አላልኩም። መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ቢያስገቡኝ ምን ነበረበት? አባቴ ሲሮጥ ቢያየኝ ምን ነበረበት?»

ይህንንም ወስጄ ጠየቅኳቸው።

«አስቤው ነበር» አሉ። «ልጁን ተነስ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ለባዶ ነን፤ በሚያነክስ ሰው ጎል ቢገባብንስ ብዬ ፈራሁ። ለጉልበቱ ሰግቼ ቢሆን ኖሮ ሐቁ ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር፣ ሲስተር። ለማሸነፍ ብዬ ነው።»

የላይኛው ሊግ አልበረከተልንም። ስንሸነፍ ከረምን። በትከሻው የተሸከማቸው ሰው ጠጠር መወርወር ጀመረ፤ «ይውጣልን!» ተባለ፤ ወጡ። ባሰናበቷቸው ቀን የሆነውን አልረሳም። ጫማቸውን ወልውለው መጡና ከቢሮ እስከ ሜዳ ያለውን ሰው ሁሉ ዞሩ። ዘበኛውን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ያባረሯቸውን የቦርድ ሰዎች ሳይቀር «አውፍ በሉኝ» አሉ። ሰዎቹ ስልካቸውን እየነካኩ «ችግር የለም፣ ችግር የለም» አሏቸው። «እርስዎም አውፍ ይበሉን» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ የአሰልጣኝ ኑሮ ኖሩ፤ ከተማ ለከተማ። አንዱ ክለብ ሲያሰናብት ሌላው ይቀጥራል፤ አንዲት ሻንጣ ይዘው ይወጣሉ፣ አንዲት ሻንጣ ይዘው ይመለሳሉ። እትዬ ዘሃራ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው ሲተርቧቸው፣ «እኔ ሲሾምም አልበላሁ፣ ሲሻርም አልቆጨኝ» ይሉ ነበር። የቆጫቸው አንድ ጊዜ ነው። አንድ ትልቅ ክለብ ውስጥ ሳሉ እንደ ልማዳቸው በተጠባባቂ ተጫዋች ፊት ቁጢጥ ብለው አውፍ ሲጠይቁ፣ ሌላው ከጀርባ በስልኩ ቀረጻቸው። በየሰዉ ስልክ ተበተነ። «ለማኙ አሰልጣኝ» ተባሉ። ደጋፊው በጨዋታ መሀል «አውፍ! አውፍ!» እያለ ይስቅባቸው ጀመር፤ ክለቡም በዚያው ሸኛቸው። ሸዋሮቢት ሲመለሱ እንዴት እንዳለፉት ጠየቅኳቸው። «የቀረጸውን ልጅም አውፍ በለኝ ብዬው መጣሁ» አሉኝ። «እሱን ደግሞ ለምኑ?» አልኳቸው። «አንድ ቀን አላሰለፍኩትማ!»

ከማል እስከዚያው ሁለት ዓመት ታግሎ ኳስን ተወ። በደሴ መንገድ ወዳለችው ካራቆሬ፣ ወደ እናቱ ዘመዶች ሄዶ ባጃጅ ነጂ ሆነ። ጋሼ ይማም የትም ከተማ ይሥሩ፣ ለአረፋ በዓል ቤታቸው ይመጣሉ፤ ሰግደው፣ አርደው፣ ከሰዓት በኋላ ካራቆሬ ይሄዳሉ። ይህን አንድም ዓመት አላጓደሉም። በማግሥቱ እኔ ቤታቸው ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ያው ነው።

«አለ?»

«አላለም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ሲያደርጉ አመሹ?»

«ተጨዋወትን። ደጁ ላይ ወንበር አወጣልኝ። ባጃጇ አስቸግራዋለች። ደህና ነው፤ ወፈር ብሏል።»

አንድ ዓመት ደግሞ ፊታቸው ፈክቶ ተመለሱ። ዛሬስ ብሏል ብዬ ደስ ሲለኝ፣ «አላለም፤ ግን ሊያገባ ነው። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ ብሎ ለመነኝ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «አውፍ አልልም እያለ ሽማግሌ ሁኑልኝ ይላል? ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው?» አልኩ። «ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ሽማግሌ ሆነው ሄዱለት፤ ዳሩት። በሠርጉ ማግሥትም ጠየቁት፤ አላለም።

መንገዱ በተዘጋበትና መኪና ሁሉ በጠፋበት ዓመት እንኳ አልቀሩም። እትዬ ዘሃራ እያለቀሱ፣ እኔ እየተቆጣሁ፣ ጋሪ ባለበት በጋሪ፣ በሌለበት በእግራቸው እርሻ ለእርሻ ሄደው፣ መንገድ ላይ አድረው ደረሱ። ሲመለሱ ጫማቸው ተቀዷል። «ሞተው ቢሆንስ?» አልኳቸው። «ታዲያ እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል? ሳይለኝ ብሞትስ?» አሉ። ያ ልጅ ዓይኔ ፊት ቢቆም ኖሮ ያን ቀን አልምረውም ነበር።

ከዚያ ጉበታቸው ታመመ። ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ፣ እግራቸው እያበጠ ሄደ። ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ታዩ፤ መጨረሻው ቤት ተኝተው እኔ እየተመላለስኩ ማየት ሆነ። የተተኮሰው ሱሪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ጥላ ሥር ይተኛሉ። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ጥግ ኳስ ሲመቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ይሄ ልጅ በቀኝ እግሩ ብቻ ነው የሚመታው» ይሉኛል፤ ሥራቸውን እስከመጨረሻ አልተዉም።

የዘንድሮው አረፋ ሲቃረብ መነሳት አልቻሉም። እኔ ስልኬን አወጣሁ። «ልደውልለት፤ ይምጣ። ነርስ ነኝ፣ የምለውን አውቃለሁ። ጊዜ የለንም» አልኳቸው።

ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው ቆዳና አጥንት ብቻ ነበር፣ ያም ሆኖ ጨበጣው ጠንካራ ነው።

«አትደውዪ። አውፍ የሚጠየቀው ደጁ ተሂዶ ነው። የበደለ ነው የሚሄደው እንጂ የተበደለ አይጠራም። ደግሞ ቢመጣ፣ እንዲህ ሆኜ ቢያየኝ፣ አዝኖ ይልልኛል። የሐዘን አውፍ አልፈልግም። ከልቡ ይበለኝ።»

«ካላለስ?»

«ትንሽ ሲሻለኝ እሄዳለሁ።»

ትንሽ እንደማይሻላቸው እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። እትዬ ዘሃራ ጥላው ዳር ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ካራቆሬ በሚሄዱበት ሰዓት፣ ጥቁር ጫማቸውን እንዲያመጡላቸው ጠየቁ። ያበጠው እግራቸው አልገባ አለ። ጫማውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተኙ። ከዚያ ብዙ አልቆዩም።

ከባጃጁ ወርጄ ስደርስ ግቢው ሞልቶ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር፣ እትዬ ዘሃራን ይዤ ከማንጎው ሥር ቆምኩ። የድሮው ቡድን ልጆቻችን ሁሉ መጥተዋል፤ ሽበት የጀመረው ታደለ እንደ ሕፃን ይነፋረቃል። በድናቸው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ወጣ። የሰፈሩ ሼህ ሕዝቡን ዝም አሰኙ።

«ጀመዓ! ወንድማችን ይማም ወደ ጌታው ሊሄድ ነው። ሰው ነውና ያስቀየማችሁ፣ ሐቃችሁ ያለበት ካለ፣ አውፍ በሉት።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አንድ በአንድ ሲለምኑት የኖሩት ነገር በአንድ አፍ ተሰጣቸው። ሼኹ ደገሙ። «አውፍ ብለናል!» ሸክመኞቹ ጎንበስ አሉ።

«እኔ አላልኩም።»

ከበሩ በኩል ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ከማል ነበር። ከካራቆሬ ድረስ የገዛ ባጃጁን ነድቶ መጥቷል፤ ፀጉሩና ቅንድቡ በአቧራ ነጥቷል። ወሬውን የሰማው የድሮዎቹ ተጫዋቾች በስልክ በሚጻጻፉበት ቡድን ላይ ነው አሉ። ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ «በሬሳ ላይ ደግሞ!» አለ። ታደለ እንባውን ጠርጎ ወደ እሱ ተራመደ፤ ሊመታው መስሎኝ ነበር፣ ቢመታውም እኔ አልገላግልም ነበር። ሼኹ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ምን ሐቅ አለህ ልጄ? ተናገር።»

ከማል ቃሬዛው አጠገብ ደርሶ ቆመ። ለሼኹ አልነበረም የሚናገረው።

«መጀመሪያ ተናድጄ ነው» አለ። «ለአባቴ ብዬ ነው። ሁለተኛውም ዓመት፣ ሦስተኛውም ተናድጄ ነው። ኋላ ግን ንዴቱ የት እንደሄደ እኔም አላውቅ። አረፋ ሲመጣ ሰው ሁሉ አባቱ ጋ ይሄዳል። እኔ ወንበር አውጥቼ ደጄ ላይ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ይመጣሉ። ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል፤ ስለ ባጃጇ ይጠይቁኛል። ሊሄዱ ሲሉ አውፍ በለኝ ይላሉ።» የቅንድቡን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። «አውፍ ካልኳቸው ጉዳያቸው አለቀ፤ ሁለተኛ አይመጡም ብዬ ነው የያዝኩባቸው።»

እኔ ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ቁጣ ፈለግኩት፤ የለም።

«ዘንድሮም ወንበሩን አወጣሁ» አለ ከማል። «ከእርዱም ድርሻቸውን አስቀመጥኩ። ሲቀሩ፣ ሰለቸኋቸው ብዬ ተቀየምኩ። መታመማቸውን የነገረኝ የለም።»

እትዬ ዘሃራ ከክንዴ ወጥተው፣ በወንዶቹ መሀል አልፈው ሄዱ። ማንም አልከለከላቸውም። አቧራ የለበሰ ትከሻውን ዳሰሱት።

«በለው ልጄ» አሉት። «በለውና ይሂድ።»

«ካልኩ ይሄዳሉ፣ እትዬ» አለ፤ ፊቱም ፈረሰ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት፤ ያ ሲመታ የማይወድቀው፣ ሲወድቅ የማያቃስተው ልጅ። ቃሬዛው ፊት ቁጢጥ አለ። ጋሼ ይማም መልበሻ ክፍል ውስጥ ይቀመጡት በነበረው አቀማመጥ ነው የተቀመጠው፤ የታመመው ጉልበቱ አላስተካክለው ብሎ በአንድ እጁ መሬቱን ተደገፈ። በሌላው እጁ የቃሬዛውን እንጨት ያዘ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ከልቤ።»

ሼኹ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሸክመኞቹ ሊያነሱ እጃቸውን ሲሰዱ ግን ከማል እንጨቱን አልለቀቀም።

«እርስዎም አውፍ ይበሉኝ» አለ።

ይህን የጠየቃቸው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሸክመኞቹ እንዳጎነበሱ፣ ሼኹ እጃቸውን እንደዘረጉ፣ እኛም ሴቶቹ ከማንጎው ሥር፣ መልስ የሚመጣ ይመስል ሁላችንም ትንሽ ጠበቅን።